ከጂዳ የወጣው ናሙና፦ የዩኒቨርሲቲ ምርምርን ከውጭ ተጽዕኖ የሚጠብቁ ሕጎች

በጁን 13 ቀን 2012 (ሰኔ 6 ቀን 2004 ዓ.ም.) አንድ የ60 ዓመት ሰው ትኩሳትና ሳል ጠንቶበት ጂዳ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ የግል ሆስፒታል ገባ። መጀመሪያ ሳንባው፣ ቀጥሎም ኩላሊቱ ሥራውን አቆመ፤ በገባ በ11ኛው ቀን ሕይወቱ አለፈ። በሆስፒታሉ ቤተ ሙከራ ይሠሩ የነበሩት ግብፃዊው የቫይረስ ሊቅ ዶክተር ዓሊ መሐመድ ዘኪ ከሕመምተኛው አክታ የተወሰደውን ናሙና ለኢንፍሉዌንዛና ለሌሎች የተለመዱ ቫይረሶች መረመሩ፤ ከታወቁት መካከል አንዱንም አላገኙም። የኮሮና ቫይረሶችን ወገን በጥቅል በሚለየው ምርመራ ግን ምልክት ታየ። ዶክተሩ ናሙናውን ኔዘርላንድስ፣ ሮተርዳም ከተማ ወደሚገኘው የኢራስመስ የሕክምና ማዕከል፣ ለቫይረስ ተመራማሪው ለሮን ፉሺዬ ላኩ። ከሮተርዳም የመጣው ምላሽ ይህ ቫይረስ ከዚያ በፊት በሰው ላይ ፈጽሞ ያልታየ መሆኑን አረጋገጠ።

(ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሴፕቴምበር 2012 ዶክተር ዘኪ ግኝታቸውን ፕሮሜድ በተባለው ዓለም አቀፍ የበሽታ ማስጠንቀቂያ መረብ ላይ ይፋ አደረጉ። በጥቂት ቀናት ውስጥ የብሪታንያ ባለሙያዎች ለንደን ውስጥ ይታከም ከነበረ ከኳታር የመጣ ሕመምተኛ የወሰዱት ቫይረስ ከጂዳው ጋር አንድ ሆኖ አገኙት። በሽታው በኋላ የመካከለኛው ምሥራቅ የመተንፈሻ አካላት ሕመም፣ በአጭሩ ሜርስ ተባለ። የዓለም የጤና ድርጅት እስከ አሁን ከ2,600 በላይ ሰዎች እንደ ታመሙበትና ከ900 በላይ የሚሆኑት እንደ ሞቱበት መዝግቧል፤ አብዛኞቹ የተገኙት በሳውዲ ዓረቢያ ነው።

ይህ የሕክምና ታሪክ ነው። ከሕክምናው ቀጥሎ የመጣው ክርክር ግን የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ነው። በአንድ ሀገር ሰው አካል ውስጥ የተገኘ ቫይረስ የማን ነው? አንድ ተመራማሪ ናሙናን በራሱ ውሳኔ ከሀገር ማስወጣት ይችላልን? በሌላ ሀገር ያለ ተቋም በዚያ ናሙና ላይ ተመርኩዞ የባለቤትነት መብት ቢጠይቅስ?

የሳውዲ የጤና ሚኒስቴር ናሙናው ያለ ፈቃድ ከሀገር እንደ ወጣ ገለጸ። ዶክተር ዘኪ ሥራቸውን ለቀው ወደ ግብፅ ተመለሱ፤ እርሳቸው ለውጭ ጋዜጠኞች በሰጡት ቃል የለቀቁት ተገደው መሆኑን ተናግረዋል። በሌላ በኩል የኢራስመስ ማዕከል ከቫይረሱ የዘር ቅደም ተከተል ጋር የተያያዘ የፓተንት ማመልከቻ አስገብቶ ነበር፤ ቫይረሱንም ለሌሎች ቤተ ሙከራዎች የሚሰጠው የናሙና ማስተላለፊያ ውል እያስፈረመ ነበር። በሜይ 2013 ጄኔቫ ላይ በተካሄደው የዓለም የጤና ጉባኤ በወቅቱ የሳውዲ ምክትል የጤና ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ዚያድ መሚሽ ይህ ውልና ፓተንት የመመርመሪያ ዘዴዎችን ሥራ እንዳዘገየ ተናገሩ። የድርጅቱ ዋና ዳይሬክተር ማርጋሬት ቻንም ሀገሮች ከሕዝባቸው ጤና ፊት የአእምሯዊ ንብረት ጥያቄ እንዲቆም መፍቀድ እንደማይገባቸው ለጉባኤው አሳሰቡ። ሮተርዳም ግን ክሱን አልተቀበለም፤ ቫይረሱን ለሕዝብ ጤና ምርምር ለጠየቁ ብዙ ቤተ ሙከራዎች ያለ ክፍያ ልኬያለሁ፣ ውሉም የተለመደ የደኅንነት አሠራር ነው ሲል መለሰ።

በዚህ ክርክር ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት ነበራቸው። ናሙናው ወደ ሮተርዳም ባይላክ ቫይረሱ ማንነቱ ሳይታወቅ ሚሊዮኖች ወደ መካ የሚጎርፉበት የ2012 ሐጅ ሊደርስ ይችል ነበር። የተላከበት መንገድ ግን የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘበት ሀገር ስለ ገዛ በሽታው ከሌላው ዓለም ጋር እኩል፣ ምናልባትም ዘግይቶ እንዲሰማ አድርጓል። ፍጥነትና ፈቃድ እንዲህ ሲጋጩ ምን ይደረግ ለሚለው ጥያቄ በዚያን ጊዜ የተዘጋጀ መልስ አልነበረም።

ሕጉ ራሱ ግን ነበር። ሳውዲ ዓረቢያ ሕይወት ባላቸው ፍጥረታት ላይ የሚካሄድ ምርምርን የሥነ ምግባር ሕግ ያወጣችው በንጉሣዊ ድንጋጌ ቁጥር ም/59፣ በ14/9/1431 ሒጅራ፣ ማለትም በኦገስት 24 ቀን 2010 ነው። ከጂዳው ሕመምተኛ ሁለት ዓመት ገደማ ቀድሞ መሆኑ ነው። ሕጉን የሚያስፈጽመው የባዮሎጂና የሕክምና ሥነ ምግባር ብሔራዊ ኮሚቴ ሲሆን፣ መቀመጫው በሪያድ የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ከተማ ነው። በየዩኒቨርሲቲውና በየሆስፒታሉ ያሉት የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች በዚህ ብሔራዊ ኮሚቴ ዘንድ መመዝገብ አለባቸው፤ ማንኛውም በሰው ላይ የሚደረግ ጥናት ከመጀመሩ በፊት በእነርሱ ዘንድ ቀርቦ መጽደቅ ይኖርበታል። ሕጉ ስለ ዘረመል ንጥረ ነገርና ስለሚከማችበት ባንክ የሚናገር የራሱ ምዕራፍ አለው። ናሙናን ለምርምር ወደ ውጭ ሀገር መላክም በተመራማሪው ፍላጎት ብቻ የሚፈጸም ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል።

ታዲያ በ2012 ሕጉ ለምን አልበቃም? አንዱ ምክንያት የዶክተር ዘኪ ሥራ ሲጀመር ምርምር ስላልነበረ ነው። ሐኪም የታመመ ሰው ምን እንዳገኘው ለማወቅ ናሙናን ወደ ሌላ ቤተ ሙከራ መላክ የዕለት ተዕለት ሥራው ነው። ያው ናሙና አዲስ ቫይረስ ሆኖ ሲገኝ ግን በአንድ ሌሊት የሳይንስ መጽሔት ርእስ፣ የፓተንት መነሻና የሀገሮች መከራከሪያ ይሆናል። ሕክምናው የት ላይ አብቅቶ ምርምሩ የት ላይ እንደሚጀምር ማንም በግልጽ አላሰመረውም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የጂዳ ቤተ ሙከራዎች አቅም ጨምሯል። በጂዳ የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጁን 2014 በታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ያወጡት ጥናት የሜርስ ቫይረስ ከግመል ወደ ሰው መተላለፉን በማስረጃ አሳየ። ጥናቱ የተመሠረተው ግመሎች የነበሩት አንድ የጂዳ ነዋሪ ታሞ በመሞቱ ላይ ነው። ከሰውየውና ከታመመችው ግመል የተገኙት ቫይረሶች የዘር ቅደም ተከተላቸው አንድ ሆኖ ተገኘ። ከሁለት ዓመት በፊት ናሙናው ሮተርዳም መድረስ ነበረበት፤ አሁን መልሱ የተገኘው እዚያው ጂዳ ነው። ምርምርን ከውጭ ተጽዕኖ ለመጠበቅ ከሕግ ይልቅ የሚበረታው ጋሻ ሀገር ውስጥ ያለ ብቁ ቤተ ሙከራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ይህ የግመል ታሪክ ሩቅ አይደለም። በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ከኢትዮጵያ፣ ከናይጄሪያና ከቱኒዚያ ግመሎች የተወሰደ ደም መርምሮ በብዙዎቹ ውስጥ ይህን ቫይረስ የሚከላከሉ የሰውነት ንጥረ ነገሮች ተገኝተዋል። የኢትዮጵያ ናሙናዎች የተሰበሰቡት በ2010 እና በ2011 ነው፤ ይህም ማለት በሽታው በሰው ላይ ከመታወቁ በፊት መሆኑ ነው። ከአፍሪካ ቀንድ የሚነሡ ግመሎች በጅቡቲና በበርበራ ወደቦች በኩል ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ሳውዲ ይገባሉ። ስለዚህ በአንዱ ባሕር ዳርቻ የሚወጣ የምርምር ሕግ በሌላው ዳርቻ ያለውን አርብቶ አደርና ነጋዴም ይነካል።

የናሙና ጉዳይ ይህን ያህል ነው። የውጭ ተጽዕኖ የሚገባበት ሌላው በር ደግሞ ስም ነው፤ በዚህ በር ላይ ጂዳ ከሳሽ ሳይሆን ተከሳሽ ሆና ታየች።

በዲሴምበር 2011 ሳይንስ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት አንድ ሰፊ ዘገባ አወጣ። ዘገባው እንደሚለው፣ የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ዩኒቨርሲቲ በዓለም እጅግ ከሚጠቀሱ ሳይንቲስቶች ለብዙዎቹ በዓመት 72,000 ዶላር የሚያስገኝ የትርፍ ሰዓት ውል አቅርቦላቸዋል። በምላሹ የሚጠበቅባቸው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ጂዳ ላይ መገኘትና በሚያሳትሟቸው ጽሑፎች ላይ የዩኒቨርሲቲውን ስም ሁለተኛ አድራሻ አድርገው መጻፍ ነበር። ዓለም አቀፍ የዩኒቨርሲቲ ደረጃ ሰንጠረዦች የሚቆጥሩት አድራሻን ስለሆነ፣ ይህ ስም በሰንጠረዡ ላይ ከፍ ያደርጋል። ተቺዎች ነገሩን ክብርን በገንዘብ መግዛት ነው አሉት። ዩኒቨርሲቲው ግን ዓላማው የራሱ መምህራንና ተማሪዎች ከታላላቅ ሊቃውንት ጋር አብረው እንዲሠሩ ማድረግ መሆኑን ገለጸ። በእርግጥም የተወሰኑት ውሎች የጋራ ምርምር አስከትለዋል፤ ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት ፍትሐዊ አይሆንም።

ጉዳዩ በ2023 እንደ ገና ተቀሰቀሰ። የስፔን የኮርዶባ ዩኒቨርሲቲ አንድ ታዋቂ የኬሚስትሪ ተመራማሪውን ለ13 ዓመታት ያለ ደመወዝ ከሥራ አገደ፤ ምክንያቱም የሙሉ ሰዓት የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ሳለ በሪያዱ የንጉሥ ሳዑድ ዩኒቨርሲቲና በአንድ የሩሲያ ዩኒቨርሲቲ ስም ይሠራ ነበር የሚል ነው። ከዚህ በኋላ ሌሎች የስፔን ተመራማሪዎችም ዋና አድራሻቸውን ወደ ሳውዲ ዩኒቨርሲቲዎች ማዛወራቸው በጋዜጦች ተጻፈ፤ እጅግ የሚጠቀሱ ሳይንቲስቶችን ዝርዝር በየዓመቱ የሚያወጣው ክላሪቬት ኩባንያም የአድራሻ አያያዙን በጥብቅ መከታተል ጀመረ።

በአንድ ሀገር የትምህርት ዕድገት ተብሎ የሚመሰገን ውል በሌላው ሀገር የውጭ ተጽዕኖ ተብሎ ይመረመራል። በዩናይትድ ስቴትስ ከ1965 የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ውስጥ ክፍል 117 የሚባለው ድንጋጌ ዩኒቨርሲቲዎች በዓመት 250,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ የውጭ ስጦታ ወይም ውል ለመንግሥት እንዲያሳውቁ ያዛል። ድንጋጌው ለብዙ ዓመታት በቸልታ ከታየ በኋላ ከ2019 ጀምሮ በጥብቅ ይፈጸም ጀመር፤ ከባሕረ ሰላጤው ሀገሮች የሚመጣ ገንዘብም ከተመረመሩት መካከል ነው። በጃንዩዋሪ 2021 የወጣው የፕሬዚዳንት የብሔራዊ ደኅንነት መመሪያ ቁጥር 33 ደግሞ የመንግሥት የምርምር ገንዘብ የሚቀበል ሰው በሌላ ሀገር ያለውን ሹመት፣ ገቢና ውል ሁሉ እንዲያስታውቅ አስገደደ። በ2022 የጸደቀው የቺፕስና የሳይንስ ሕግ ከቻይና፣ ከሩሲያ፣ ከኢራንና ከሰሜን ኮሪያ ጋር በተያያዙ ጎጂ ተብለው በተፈረጁ የምሁራን ምልመላ ፕሮግራሞች ውስጥ መሳተፍን ከለከለ። አውስትራሊያም በ2019 ለዩኒቨርሲቲዎቿ የውጭ ጣልቃ ገብነትን መከላከያ መመሪያ አውጥታለች።

እነዚህ ሕጎች የተጻፉት በዋናነት በቻይና ምክንያት ቢሆንም፣ ከጂዳ በስተሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ርቃ በቀይ ባሕር ዳርቻ እስከምትገኘው እስከ ጡወል ድረስ ደርሰዋል። እዚያ የሚገኘው የንጉሥ ዐብደላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ በአጭር ስሙ ካውስት፣ የተመረቀው በሴፕቴምበር 23 ቀን 2009 ነው። መምህራኑና ተማሪዎቹ ከዓለም ዙሪያ የተሰባሰቡ ሲሆኑ፣ ሻሂን በሚል ስም የሚታወቁ ተከታታይ ሱፐር ኮምፒውተሮች አሉት። ሦስተኛው ሻሂን ከሚሠራባቸው ቺፖች መካከል ኤንቪዲያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቺፖች ይገኙበታል።

ነገሩ የተወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። በ2023 የአሜሪካ መንግሥት የላቁ ቺፖች ወደ አንዳንድ የመካከለኛው ምሥራቅ ሀገሮች ሲላኩ ፈቃድ እንዲጠየቅ አደረገ፤ ስጋቱ ቺፖቹ ወይም የማስላት አቅማቸው ወደ ቻይና እንዳያልፍ የሚል ነበር። በዚያው ዓመት የካውስት ተመራማሪዎች ከሼንዠን ቻይናውያን ምሁራን ጋር ሆነው ኤስ ጂፒቲ የተባለ ዐረብኛ ተናጋሪ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ሠርተው ነበር። ሥራው ለዐረብኛ ቋንቋ ትልቅ አስተዋጽኦ ነው፤ ሆኖም እንዲህ ያለው ትብብር በቺፕ አቅርቦቱ ላይ ምን ያስከትላል የሚል ጥያቄ አስነሣ። በጃንዩዋሪ 2025 ዋሽንግተን ያወጣችው ሰፊ የቺፕ ሥርጭት ደንብ በሜይ 2025 ተሰረዘ፤ የተናጠል ፈቃድ አሰጣጡ ግን ቀጥሏል። በጡወል የሚሠራ አንድ ተመራማሪ ማሽኑን ከአንድ ሀገር፣ የሥራ ባልደረባውን ከሌላ ሀገር፣ ደመወዙን ደግሞ ከሦስተኛ ሀገር ያገኛል። ከእነዚህ የየትኛው ሕግ እንደሚቀድም የሚወሰነው አብዛኛውን ጊዜ በውሉ ላይ በሰፈረው አንቀጽ ነው።

ሳውዲ ዓረቢያም በበኩሏ የራሷን አጥር አጠናክራለች። በ2019 የወጣው አዲሱ የዩኒቨርሲቲዎች ሕግ መጀመሪያ ሥራ ላይ እንዲውል ከተመረጡት ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የጂዳው የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ሕጉ ለዩኒቨርሲቲዎች የበለጠ ነፃነት ሰጥቷል፤ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎችም ቅርንጫፍ የሚከፍቱበትን መንገድ አበጅቷል። በ2021 የምርምር፣ የልማትና የፈጠራ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከሁሉ ይልቅ ተራውን ነዋሪ የሚነካው ግን በንጉሣዊ ድንጋጌ ም/19 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ነው። ከሴፕቴምበር 14 ቀን 2023 ጀምሮ የጸና ሲሆን፣ ድርጅቶች ራሳቸውን እንዲያስተካክሉ የተሰጠው አንድ ዓመት በሴፕቴምበር 14 ቀን 2024 አብቅቷል። ሕጉ የጤናና የዘረመል መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መካከል ይመድባል፤ መረጃ ከሀገር ውጭ የሚተላለፍበትንም ሁኔታ ይወስናል። የሚቆጣጠረው የሳውዲ የመረጃና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ባለሥልጣን ነው።

ስለ መረጃ ሲነሣ መካን ማለፍ አይቻልም። የሐጅ ምርምር ማዕከል በ1975 በአርክቴክቱ በሳሚ ዐንጋዊ መሥራችነት በጂዳው ዩኒቨርሲቲ ሥር ተቋቋመ፤ በኋላ ወደ መካ ተዛውሮ ዛሬ በኡሙል ቁራ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሐጅና የዑምራ ምርምር ተቋም ሆኗል። ይህ ተቋም የሚያጠናው ነገር በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኝ ነው፦ ውስን በሆነ ስፍራ፣ በጥቂት ቀናት፣ ከመላው ዓለም የተሰበሰበ የብዙ ሚሊዮን ሕዝብ እንቅስቃሴ።

በጃንዩዋሪ 12 ቀን 2006 ሚና ላይ በጀመራት ድልድይ መግቢያ በደረሰ መጨናነቅ ከ340 በላይ ሐጃጆች ሞቱ። ከዚያ በኋላ የሳውዲ ባለሥልጣናት የዕለቱን የካሜራ ቀረጻ ለጀርመናዊው የሕዝብ ፍሰት ተመራማሪ ለዲርክ ሄልቢንግና ለባልደረቦቹ ሰጡ። መካ ሙስሊም ላልሆኑ ሰዎች የተዘጋች ናት፤ ምስሉ ግን ድንበሩን አልፎ ሄደ። ተመራማሪዎቹ ከሳውዲው ባለሥልጣን ከሐቢብ ዘይን አል-ዓቢዲን ጋር በ2007 ያሳተሙት ጥናት ሕዝብ እጅግ ሲጠጋጋ እርምጃው መጀመሪያ ቆም ሄድ እንደሚል፣ ከዚያ ወደ ማዕበል መሰል ግፊት እንደሚለወጥ፣ ሰውም ከእግሩ ተነሥቶ ያለ ፈቃዱ እንደሚገፋ አሳየ። የአንድ አቅጣጫ ጉዞና ለየቡድኑ የተመደበ ሰዓት በዚሁ ጊዜ ከተወሰዱት እርምጃዎች መካከል ናቸው።

ከሜርስ ታሪክ ጋር ሲነጻጸር ይህ ሌላ መልክ ያለው ትብብር ነው። መረጃው የወጣው በባለቤቱ ውሳኔ ነው፤ ጥያቄውን ያቀረበው ሀገሩ ነው፤ የሀገሩ ሰው በጥናቱ ደራሲነት ተጠቅሷል፤ ውጤቱም ወደ ድልድዩ ተመልሶ መጥቷል። ከ2006ቱ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ሚና ላይ ሌላ ከባድ አደጋ መድረሱ ጥናቱ ሁሉን እንዳልፈታ ያሳያል።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ያላት ልምድ ከሳውዲም የቀደመ ነው። በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ሉሲ ወደ አሜሪካ ሄዳ ለጥናት ቆይታ በ1980 ወደ አዲስ አበባ ተመልሳለች። በ1982 የኢትዮጵያ መንግሥት የውጭ ተመራማሪዎች የቅድመ ታሪክ የመስክ ጥናት እንዲቆም አደረገ፤ እገዳው ከተነሣ በኋላ የወጣው አሠራር ቅሪተ አካላቱ አዲስ አበባ እንዲቀመጡና ኢትዮጵያውያን ምሁራን በጥናቱ እንዲሳተፉ የሚጠይቅ ነው።

ይበልጥ የሚያስተምረው ግን የጤፍ ጉዳይ ነው። በ2005 የኢትዮጵያ የብዝኀ ሕይወት ተቋምና የግብርና ምርምር ድርጅቱ ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር የጤፍ ዘረመል አጠቃቀምና የጥቅም መጋራት ስምምነት ተፈራረሙ። ስምምነቱ በጊዜው አርአያ ተብሎ ተወድሶ ነበር። ይሁን እንጂ ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በአውሮፓ ፓተንት አገኘ፤ በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱም ተያያዥ ወደ ሆነ ሌላ ኩባንያ ተላለፈ። ኢትዮጵያ ከዚያ ሁሉ ውል ያገኘችው ጥቅም 4,000 ዩሮ ገደማ ብቻ ነበር። የሄግ ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2018 በኔዘርላንድስ የነበረውን ፓተንት ውድቅ ያደረገው ኢትዮጵያ ከስሳ ሳይሆን በሁለት የኔዘርላንድስ ኩባንያዎች መካከል በተነሣ ክርክር ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የመጠቀም ፈቃድ በመንግሥት እጅ እንዲሆን ደንግጓል፤ ጤፉ ግን ከአዋጁ ቀድሞ ወጥቶ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ጸድቋል።

በዓለም ደረጃም የናሙናው ጥያቄ አልተዘጋም። ኢንዶኔዥያ በ2007 የወፍ ጉንፋን ናሙናዎቿን ለዓለም ቤተ ሙከራዎች መስጠት አቁማ ነበር፤ ምክንያቷ ከናሙናው የሚሠራው ክትባት ለሕዝቧ በማይደርስበት ዋጋ ይሸጣል የሚል ነው። ከዚያ ክርክር የተወለደው የ2011 የዓለም የጤና ድርጅት ማዕቀፍ የሚመለከተው የወረርሽኝ ኢንፍሉዌንዛን ብቻ ስለሆነ፣ በቀጣዩ ዓመት ጂዳ ላይ ለተገኘው ቫይረስ አልረዳም። በሜይ 20 ቀን 2025 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የወረርሽኝ ስምምነት ይህን ክፍተት ለመሙላት የታሰበ ነው፤ ሆኖም ናሙና የሚሰጥ ሀገር ምን እንደሚያገኝ የሚወስነው ተቀጥላ በዚያ ዕለት አብሮ አልጸደቀም፤ ለተጨማሪ ድርድር ተላልፏል።

ይህ ሁሉ በጂዳ በቤት ሠራተኝነት፣ በመካ በሆቴልና በግንባታ ሥራ ለተሰማራ ሰው ምን ይነግረዋል? ለኢቃማ የሚደረግ የጤና ምርመራና ለሕክምና የሚሰጥ ደም ምርምር አይደለም፤ በራሱ ሥርዓት የሚመራ ነው። ደሙ፣ ምራቁ ወይም ቃሉ ለጥናት ሲፈለግ ግን የ2010ሩ ሕግ በግልጽ ይሠራል። ተመራማሪው የጥናቱን ዓላማና ሊያስከትል የሚችለውን ጉዳት በሚገባው አነጋገር ማስረዳት፣ ከዚያም ፈቃዱን መቀበል አለበት። ተሳታፊው በፈለገው ጊዜ ከጥናቱ የመውጣት መብት አለው። ዐረብኛ የማያነብ ሰው በዐረብኛ የተጻፈ ወረቀት ላይ ቢፈርም ፊርማው የሕጉን መንፈስ አያሟላም፤ ስለዚህ አስተርጓሚ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ጥናቱን ያጸደቀው የሥነ ምግባር ኮሚቴ የትኛው እንደ ሆነ፣ ናሙናው ከሀገር ይወጣ እንደ ሆነ፣ ጥናቱ ሲያልቅ ይወገድ ወይም ይቀመጥ እንደ ሆነ ከመፈረም በፊት መጠየቅ ይገባል። መልሱ በወረቀቱ ላይ መስፈር አለበት፤ የወረቀቱም ቅጂ በተሳታፊው እጅ ቢቀር ይመረጣል።